በስሪዲ ፔን የሞዴል ባቡር መንደር መሥራት፦ ጎጆ፣ ግራርና ካብ

ከውጭ ዘመድ ስሪዲ ፔን (የፕላስቲክ ክር አቅልጦ በጫፉ የሚያወጣ፣ እስክሪብቶ የመሰለ መሣሪያ) የላከላቸው ልጆች፣ ለትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን የባቡር ሞዴል የሚያዘጋጁ መምህራን፣ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሀዲድ የዘረጉ ጓደኞች፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ፔኑ ፕላስቲክ ማውጣቱን ያወጣል፤ ግን የምሠራው ሁሉ ለምን የተንጨባረረ ክር ይሆንብኛል?» ለእያንዳንዱ ሰው በቁራጭ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። አየር ላይ አትሳሉ። መጀመሪያ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ሥሩ፤ ከዚያ አቁሙትና በዚያው በፔኑ በይዱት። ቀሪው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ለምሳሌ የምወስደው የሸዋ ሮቢትን አካባቢ ነው። የአዋሽ–ወልዲያ መስመር ሰሜን ሸዋን የሚያቋርጠው በቆላው በኩል ስለሆነ፣ ከሀዲዱ ዳር የሚቆመው ባሕር ዛፍ ሳይሆን ግራር ነው። ደብረ ብርሃን የምንኖር ሰዎች እጃችን ሳናስበው ወደ ባሕር ዛፍ ይሄዳል፤ ያዙት።

ፔኑ የሚችለውና የማይችለው

ይህን ሳታውቁ ብትጀምሩ ብዙ ፕላስቲክ ትጨርሳላችሁ። ከፔኑ ጫፍ የሚወጣው መስመር ብዙውን ጊዜ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። በኤችኦ ስኬል (ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ በሚሠራበት የሞዴል ባቡር መጠን)፣ ማለትም 1 ለ 87፣ ይህ በእውነተኛው ዓለም 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ለወጋግራ፣ ለማገር፣ ለአጥር እንጨት፣ ለዛፍ ቅርንጫፍ ልክ ነው። ለሽቦ ግን አይሆንም። 6 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም። ለሽቦ ጥቁር የልብስ ስፌት ክር ተጠቀሙ።

በኤን ስኬል (1 ለ 160) ያው መስመር 11 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግንድ ይወጣዋል፤ ወጋግራ አይወጣውም።

ሌላው፣ ፔን ለስላሳ ግድግዳ አይሠራም። የመስመሩ ጉብጉብ ሁልጊዜ ይታያል። ፉርጎ ወይም ሎኮሞቲቭ በፔን ለመሥራት አትድከሙ፤ አሸዋ ወረቀት ስትፈትጉ ትውላላችሁ። በተፈጥሮው ሻካራ የሆነ ነገር ምረጡ። የዛፍ ቅርፊት፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ካብ፣ ገደል። ለእነዚህ ጉብጉቡ ራሱ ጌጥ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስሪዲ ፔን፣ ከራሱ አዳፕተር ጋር። በዩኤስቢ የሚሠራ ባለ 5 ቮልት ከሆነ ፓወር ባንክ ላይ መሰካት ስለሚቻል መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ፓወር ባንኩ 2 አምፒር መስጠት አለበት፤ ካነሰ ጫፉ በደንብ አይሞቅም።
- 1.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ፒኤልኤ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፊላመንት (ፔኑ የሚያቀልጠው ክር)። ቡናማና ግራጫ ይበቃል፤ በኋላ ቀለም ይቀባል።
- የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ ጠርዙ ያልሰላ ትንሽ መስታወት፣ የወረቀት ፕላስተር
- እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ፕሮትራክተር፣ ስስ ካርቶን
- ጥፍር መቁረጫ ወይም መቁረጫ ፒንሳ፣ ወረንጦ
- የብርጭቆ ወረቀት (አሸዋ ወረቀት)፣ መካከለኛና ለስላሳ
- ኮላ፣ ሱፐር ግሉ፣ አክሪሊክ ቀለም
- ለሳር ክዳን ቃጫ፣ ለቅጠል ከአናጢ ቤት የሚገኝ ደቃቅ ሰጋቱራ፣ ለግድግዳ ትንሽ ጀሶ
- ቀጭን ሚስማሮች

ፊላመንት ስትገዙ ከፔናችሁ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። ለልጆች ተብሎ የሚሸጠው ዝቅተኛ ሙቀት ፔን ፒሲኤል የሚባለውን ፕላስቲክ ብቻ ነው የሚያቀልጠው። ፒኤልኤ ካስገባችሁበት አይቀልጥም፣ ክሩን የሚገፋውን ማርሽ ያስጮኸዋል፣ ይዘጋል። ኤቢኤስ የሚባለው ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ግን ሽታው ይከብዳል፣ ሲቀዘቅዝም ይጣመማል። ለዚህ ሥራ ፒኤልኤ ይበቃችኋል።

ማስጠንቀቂያ፣ ከመጀመራችሁ በፊት

ጫፉ 200 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ከጠፋም በኋላ ለደቂቃዎች ያቃጥላል። ቃጠሎ ከደረሰባችሁ ቦታውን 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙት። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ፕላስቲክ በግድ አትላጡ። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ውሃ ከቋጠረ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

መስኮት ክፈቱ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም በተዘጋ ክፍል የቀለጠ ፕላስቲክ ጭስ መሳብ ጥሩ አይደለም፤ ኤቢኤስ ከሆነማ ጨርሶ አይሆንም። ጋቢ ደርቡና መስኮቱን ገርበብ አድርጉት። ነፋሱ ግን በቀጥታ ሥራው ላይ አይምጣ።

የ5 ቮልት ፔን በ12 ቮልት አዳፕተር አትሰኩ። መሰኪያው ቢገባም ፔኑ ይቃጠላል።

የሞዴላችሁ ኮረብታ ከነጭ ፎም የተሠራ ከሆነ ፎሙ ላይ በቀጥታ አትሳሉ። ቀልጦ ጉድጓድ ይሆናል። የሀዲዱ አግዳሚዎችም ፕላስቲክ ናቸው፤ ጫፉ ከነካቸው ይበላሻሉ። ሁሉንም ነገር ጠረጴዛ ላይ ሠርታችሁ በኋላ አምጥታችሁ ትከሉ።

አሠራሩ

1. ልኩን አስሉ። የእውነተኛውን ነገር ልክ በሚሊ ሜትር ጻፉና ለ87 አካፍሉ። ሀዲዳችሁ 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ስኬሉ ትክክል ነው፤ የአዋሽ–ወልዲያ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለ87 ሲካፈል ይኸው ይመጣል። ለመንደራችን የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው። 5 ሜትር ስፋት ያለው ጎጆ 57 ሚሊ ሜትር፣ 2 ሜትር ግድግዳ 23 ሚሊ ሜትር፣ 1.70 ሜትር ሰው 19.5 ሚሊ ሜትር፣ 7 ሜትር ግራር 80 ሚሊ ሜትር። በዓይን ግምት የሄደ ሰው ጎጆው ከሎኮሞቲቩ በልጦ ያገኘዋል።

2. ንድፉን ሳሉ፣ የመሥሪያ ቦታውን አዘጋጁ። ንድፉን ወረቀት ላይ በደማቅ መስመር ሳሉ። መስታወቱ ላይ አስቀምጡት፤ ከላይ የኬክ ወረቀት ደርባችሁ አራቱንም ጥግ በፕላስተር ያዙ። የኬክ ወረቀቱ ንድፉን ያሳልፋል፣ ፕላስቲኩም ሲቀዘቅዝ ያለ ትግል ይላቀቃል። ተራ ወረቀት ላይ ብትሠሩ ወረቀቱ አብሮ ተቦጭቆ ይቀራል። መስታወቱ በጣም ከቀዘቀዘ ፕላስቲኩ ሳይያዝ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጠዋት ከሆነ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አሙቁት።

3. አሙቁና አጥሩ። ፔኑን ከ190 እስከ 210 ዲግሪ አድርጉ። የፊላመንቱን ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና አስገቡ። የተንሻፈፈ ወይም ያበጠ ጫፍ ውስጥ ገብቶ ይሰነቀራል። መጀመሪያ የሚወጣውን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ክር ጣሉት። የቀድሞው ቀለምና አየር የሚወጣው በዚያ ነው። መስመሩ ሳይቆራረጥ እኩል መውጣት ሲጀምር ዝግጁ ናችሁ።

4. መስመር መሳብ ተለማመዱ። ቀላል ይመስላል፤ ሥራው የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። ፍጥነቱን ዝቅተኛ አድርጉ። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አስነኩና ፕላስቲኩ አንድ ሰከንድ ያህል እንዲይዝ ጠብቁ። ከዚያ ፕላስቲኩ በሚወጣበት ፍጥነት እጃችሁን ውሰዱ። ከቀደማችሁት መስመሩ ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ከዘገያችሁ ይቆለላል። መስመሩን ስትጨርሱ የፕላስቲክ መግፊያውን ቁልፍ መጀመሪያ ልቀቁ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ጫፉን በመስመሩ ላይ መለስ አድርጋችሁ አንሱ። ቀጥታ ወደ ላይ ካነሳችሁ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ይከተላችኋል።

ሁልጊዜ ዙሪያውን ቀድሙ፤ ውስጡን በኋላ ሙሉ። ዙሪያው ከቀዘቀዘ ውስጡ ሲሞላ ቅርፁን አይለቅም።

5. የጎጆውን ግድግዳ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ሥሩ። 57 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጎጆ ዙሪያው 180 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 180 በ23 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ሳሉ። ቋሚ እንጨቶቹን በየ4 ሚሊ ሜትሩ አቁሙ፤ በላያቸው 4 ወይም 5 ማገር አግድም አሳልፉ። ለበሩ 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 20 ሚሊ ሜትር ቁመት ክፍት ተዉ። ማገሩ ቋሚውን በሚያቋርጥበት ሁሉ ጫፉን ለቅጽበት ጫን አድርጉ፤ ካልሆነ ስታጥፉት በዚያው ይላቀቃል።

6. በሙቅ ውሃ እጠፉት። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ለዚህ ሥራ ይበዛል። የፈላውን ውሃ አውርዳችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ግድግዳውን በወረንጦ ይዛችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ንከሩና ቶሎ በጠርሙስ ወይም በትንሽ ጣሳ ላይ ጠቅልሉት። ጠርሙሱን በማስመሪያ ለክታችሁ ምረጡ፤ 55 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። እስኪቀዘቅዝ ያዙት። በሚንተከተክ ውሃ ከነከራችሁ ይኮማተራል፣ መልሶ መዘርጋትም አይቻልም።

7. በይዱት። ሁለቱን ጫፎች አገናኙና ከውስጥ በኩል በፔኑ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሳልፉ። ከውስጥ የምንበይደው ጠባሳው እንዳይታይ ነው። ጥሩ ብየዳ የሚሆነው ትኩሱ ጫፍ ሁለቱንም ወገን ጥቂት ሲያቀልጥ ነው፤ ከላይ ፕላስቲክ ማፍሰስ ብቻውን አይይዝም። አንድ እጅ ሲያጥር ሥራውን በልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን አስደግፉት።

8. ምርጉን ቀቡ። ጀሶ በውሃ አቅጥናችሁ ቡናማ ቀለም ጨምሩበትና በአሮጌ ብሩሽ ማገሩ መሐል ሙሉት። ፕላስቲኩ ሻካራ ስለሆነ ይይዛል። አንዳንድ ቦታ ማገሩ ትንሽ እንዲታይ ተዉት፤ ዝናብ የበላው ግድግዳ እንደዚያ ነው። ወፍራም አድርጋችሁ አትለስኑ፣ ይሰነጠቃል።

9. ጣሪያውን ሥሩ። ስስ ካርቶን ላይ በኮምፓስ 51 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ክብ ሳሉ። ከክቡ 106 ዲግሪ ቆርጣችሁ አውጡ። የቀረውን ስትጠቀልሉት ታችኛው ስፋቱ 72 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 36 ሚሊ ሜትር የሆነ ሾጣጣ ጣሪያ ይወጣል። በየጎኑ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከግድግዳው ተርፎ ይወጣል፣ የጎጆ ክዳን እንደሚያወጣው። ከመጠቅለላችሁ በፊት በውስጠኛው ገጽ ከመሐሉ ወደ ጠርዙ 20 ያህል ወጋግራ በፔኑ ሳሉ፤ ፕላስቲክ ካርቶን ላይ በደንብ ይይዛል። የተጠቀለለውን መጋጠሚያ በኮላ ያዙ።

ቃጫውን በ15 ሚሊ ሜትር ቁረጡና ከታች ወደ ላይ በረድፍ በረድፍ በኮላ ለጥፉ። ከላይ ከጀመራችሁ የታችኛው ረድፍ የላይኛውን ስለሚሸፍን ክዳኑ የተገለበጠ ይመስላል። ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ ቡናማ ፕላስቲክ አድርጉ፤ ጉልላት ይሆናል። ሳሩን በቀጭን ግራጫ ቀለም አደብዝዙት። አዲስ ቃጫ በጣም ያብረቀርቃል።

10. ግራሩን ሥሩ። ወረቀት ላይ ግማሽ ግራር ሳሉ። አንድ ቀጥ ያለ የግንድ መስመር፣ ከመሬት ከሲሶው ቁመት ጀምሮ ወደ አንድ ጎን የሚከፈቱ ቅርንጫፎች፣ ጫፋቸው ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ መስመር ላይ የሚያልቅ። ዣንጥላውን የሚያመጣው ይህ ጠፍጣፋ አናት ነው፤ ክብ ካደረጋችሁት ዋርካ ይሆናል። ይህን ግማሽ 5 ጊዜ ሥሩ፣ ግን ቅርንጫፉን በየጊዜው ለውጡት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግንድ ለግንድ አስጠግታችሁ በይዱ። የራስ ጎኑን የቆረጣችሁለትን ሚስማር ከግንዱ ጋር አስጠግታችሁ በፕላስቲክ ጠቅልሉት፤ ሹሉ ወደ ታች 15 ሚሊ ሜትር ይውጣ። ከዚያ የቀሩትን ሦስት ዙሪያውን ጨምሩ። ሚስማሩ ሁለት ጥቅም አለው። ዛፉ ሰሌዳው ላይ ይተከላል፣ ግንዱም አይጎብጥም። በመጨረሻ ፔኑን በግንዱ ላይ ከታች ወደ ላይ ደጋግማችሁ ጎትቱ፤ ጉብጉቡ ቅርፊት ይሆናል።

ሰጋቱራውን በወንፊት ነፍታችሁ ደቃቁን ውሰዱ። በውሃ በቀጠነ የወይራ አረንጓዴ ቀለም አሹትና ጋዜጣ ላይ አድርቁት። የዛፉን አናት ብቻ ኮላ ቀብታችሁ ነስንሱ። ከታች ቅርንጫፉ ባዶ ይታይ። ብዙ ሰው ሁሉንም ቅጠል ያለብሰውና ጎመን ይመስልበታል።

11. ካቡን በጠብታ ሥሩ። ፔኑን ሳታንቀሳቅሱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጠብታ አውጡ፤ ወዲያው በእርጥብ የእንጨት ማንኪያ ጀርባ ጫን አድርጉት። ቀጥሎ ሌላ፣ መጠኑን እያለያያችሁ። ይህ በእውነተኛው ዓለም ከ17 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለረጅም ካብ ከደጃችሁ ጠጠር ለቅማችሁ በኮላ ብትደረድሩ ይሻላል፣ ወጪም የለውም። የፔኑ ካብ የሚጠቅመው ክብደት በማይፈለግበት ቦታ፣ ለምሳሌ በዋሻ አፍ ዙሪያና ተነቃይ በሆነ ክፍል ላይ ነው።

12. አጽዱና ቀቡ። የተረፈውን ክር በጥፍር መቁረጫ አንሱ። የሚታየውን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት በእርጥቡ ፈትጉ፤ በደረቅ ቶሎ ቶሎ ከተፈተገ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያሟሟዋል። አክሪሊክ ቀለም በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡ። ሳይቀባ የቀረ ፕላስቲክ ስለሚያብረቀርቅ የመጫወቻ መልኩን አይለቅም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለሰልሰዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ፦ አሴቶን የሚያለሰልሰው ኤቢኤስን ነው፣ ለፒኤልኤ አይሠራም።

13. ከመትከላችሁ በፊት ባቡሩን አሳልፉ። ረጅሙን ፉርጎ ውሰዱ፤ በመሐሉና በሁለቱ ጫፎቹ እርሳስ በፕላስተር እሰሩበትና በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ በሀዲዱ ላይ ግፉት። ኩርባ ላይ የፉርጎው ወገብ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። እርሳሶቹ ያሰመሩት መስመር ወሰናችሁ ነው፤ ጎጆም ግራርም ከዚያ ውጭ ይተከል። ቀጥ ባለው ሀዲድ ላይ ብቻ ለክቶ የተከለ ሰው ኩርባው ላይ ጣሪያ ይነቅላል።

ደጋግሞ የሚያጋጥም ችግር

*ፕላስቲኩ እየተንጫጫ፣ አረፋ እየሠራ ይወጣል።* ፊላመንቱ እርጥበት ስቧል። በክረምት የተለመደ ነው። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ይዛችሁ ፊላመንቱን አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አኑሩ።

*ማርሹ ይጮሃል፣ ምንም አይወጣም።* መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ። ትክክል ከሆነ ፊላመንቱን ወደ ኋላ አስመልሱ፣ ያበጠውን ጫፍ ቆርጣችሁ እንደገና አስገቡ። በመርፌ ጫፉን መጎርጎር ብዙ ጊዜ ያብሰዋል።

*ፊላመንቱ ውስጥ አለቀ፣ አይወጣም አይገባም።* መጨረሻው ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ማርሹ አይይዘውም። አዲስ ቁራጭ ከኋላ አስገብታችሁ እንዲገፋው አድርጉ።

*ብየዳው ሲነካ ይላቀቃል።* ሙቀቱን በ5 ዲግሪ ጨምሩና ቀስ በሉ። ነፋስም እዩ፤ ከመስኮት የሚገባው አየር ፕላስቲኩን ሳይያያዝ ያቀዘቅዘዋል።

*ባቡሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።* ሀዲዱ አናት ላይ የፕላስቲክ ክር ወይም ኮላ ወድቋል። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። በእንጨት ስንጥር ፋቁት፤ በቢላ ከፋቃችሁት ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል።

*ሞዴሉ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ተጣምሞ ተገኘ።* ፒኤልኤ ነው፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ቀርቷል። መስኮቱ የተዘጋ መኪና በቆላ ፀሐይ ውስጡ ፕላስቲኩን የሚያለሰልስ ሙቀት ላይ ይደርሳል። ከደብረ ብርሃን ይዛችሁ ስትወርዱ ካርቶን ውስጥ፣ ወንበር ሥር፣ ጥላ ላይ አድርጉት። ስትደርሱም መጀመሪያ እሱን አውርዱ።

*በማግስቱ ፔኑ አይሠራም።* ፊላመንቱ ውስጡ ቀርቶ ደርቋል። ሥራ ስትጨርሱ፣ ጫፉ ገና ትኩስ እያለ፣ ፊላመንቱን ወደ ኋላ አስወጡ፤ ከዚያ አጥፉትና ጫፉ ምንም ሳይነካ አቁማችሁ አቀዝቅዙት። ኤቢኤስ ስትጠቀሙ ከነበረና ወደ ፒኤልኤ ከተመለሳችሁ፣ በኤቢኤስ ሙቀት ቀሪውን ሙሉ በሙሉ አስወጡና ሙቀቱን ከዚያ ቀንሱ። በፒኤልኤ ሙቀት የቀረው ኤቢኤስ አይቀልጥም፣ መንገዱን ዘግቶ ይቀመጣል።